ሁለተኛዋ ምስክር

ሜቲ ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ካለው ቧንቧ ስር ጎንበስ ብላ ውሃውን ትጨልጠዋለች። ቀና ስትል ግድግዳውን ያዘች። ሐሙስ ልኳ የነበረው የመዘምራን ልብስ ዛሬ ሰፍቷታል።

«ሌሊት ደግሞ አስመለሰሽ አይደል?» አለቻት ኢቢሴ።

«ቀስ በይ ባክሽ፤ እማዬ ትሰማሻለች።»

ኢቢሴ ጠጋ ስትል የጓደኛዋ ትንፋሽ የበሰበሰ ፍራፍሬ ሸተታት። ፈራች። ከአምስተኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው የሚቀመጡት፤ ሜቲ የስኳር መርፌዋን ስትወጋ ከለላ ሆና የምትቆምላትም እሷ ናት። የመርፌውን አወጋግ ያሳየቻቸው ነርስ ሁለቱንም አስጠንቅቃቸው ነበር። መርፌው ከተቋረጠ መጀመሪያ ጥማት፣ ቀጥሎ ትውከት፣ ከዚያ ራስን መሳት ይመጣል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ነርሷ አልተናገረችም፤ እነሱም አልጠየቁም።

ሐሙስ ዲጋ ከተማ በነበረው ጉባኤ እንግዳው ሰባኪ ሜቲ ራስ ላይ እጁን ጫነ። ሕዝቡ አለቀሰ፤ ኢቢሴም ከልቧ አለቀሰች። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ ተጠራጥራ አታውቅም። ታናሽ ወንድሟ ጋሩማ በሳንባ ምች ሊሞት ሲል እናቷ የሆስፒታሉን አልጋ ይዛ ስትጸልይ አድራ ነው የተረፈላቸው።

ጉዱ የመጣው ከጸሎቱ በኋላ ነው። ሜቲ እንደ ጉባኤው ልማድ መድኃኒቷን ከነመርፌው መድረኩ ላይ ካለው ቅርጫት ውስጥ ጣለችው። አንዴ በሕዝብ ፊት ድኛለሁ ያለ ሰው ደግሞ ተመልሶ መርፌ ከነካ፣ እግዚአብሔርን ዋሾ እንዳለው ይቆጠራል። እናቷ አደ ድርቤም ትውከቱን ሲያዩ ሰይጣን ምስክርነቷን ሊነጥቃት ነው ብለው ጾም አዘዙላት። ለስኳር በሽተኛ ጾም!

ኢቢሴ ትናንት ቤታቸው ሄዳ ነርሷ ያለችውን ነግራቸው ነበር። አልተቆጧትም። አቅፈው ስመው፣ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አትጠራጠሪ» ብለው ሸኟት። ቢቆጧት ይሻላት ነበር።

«ዛሬ ሲጠይቁሽ እውነቱን ብቻ ተናገሪ» አለች ሜቲ አፏን እየጠረገች። «አልተወጋሁም አይደል? በቃ፣ ሌላ እንዳትጨምሪ። ካዋረድሽኝ ሁለተኛ አላናግርሽም።»

እዚህ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት በሁለት ሰው አፍ ነው የሚጸናው። የዳነው ሰው ይናገራል፣ በቅርብ የሚያውቀው ሰው ደግሞ ያረጋግጥለታል። የሜቲ ሁለተኛ ምስክር ኢቢሴ ናት።

መድረኩ ላይ ሜቲ ሁለት ሦስት ቃል ተናግራ መቆም ስላቃታት ወንበር ተሰጣት። መንፈስ ከብዶባት ነው ተባለ። ፕሮግራም መሪው ኦቦ ጉሉማ ማይኩን ለኢቢሴ ሰጥተው፣ ጓደኛዋ ከሐሙስ ወዲህ መርፌ ተወግታ እንደሆነ ጠየቋት።

«አልተወጋችም» አለች።

አዳራሹ በእልልታ ቀለጠ። አደ ድርቤ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው ያለቅሳሉ። ሜቲ ግን ዓይኗ ተከድኖ፣ ዳገት እንደወጣ ሰው ቁና ቁና ትተነፍሳለች። ኢቢሴ ጠራቻት፤ አልሰማቻትም። ኦቦ ጉሉማ ማይኩን ሊቀበሏት እጃቸውን ዘረጉ።

ኢቢሴ ማይኩን በሁለት እጇ ጨበጠችው። ከዛሬ በኋላ ሜቲ ላታናግራት ትችላለች። ግድ የለም፣ በሕይወት ትኑርና ታኩርፋት። እልልታው እስኪበርድ አልጠበቀችም፤ ሕዝቡን ትታ አደ ድርቤን ብቻ አየች።

«አልተወጋችም፤ ለዚህ ነው እየሞተችብን ያለችው» አለች። «አደ ድርቤ፣ መንገድ ላይ እየጸለይን እንሂድ። አሁን ሆስፒታል እንውሰዳት።»