ያልከፈትኩት ደብተር

በእኛ ትምህርት ቤት ደብተር የሚሰበሰበው ዓርብ ነው። የክፍል አለቆች እስከ አገጫቸው ቆልለው ወደ መምህራን ክፍል ያመጡታል፤ ሰኞ ጠዋት እንደዚያው ተቆልሎ ይመለሳል። በመካከሉ በእያንዳንዱ ደብተር ላይ አንዲት ቃልና አንድ ፊርማ ያርፋሉ። ቃሏ «ታይቷል» ናት። እኔ የአስራ ሁለተኛ ክፍል የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ አራት ክፍል፣ ሁለት መቶ አርባ ደብተር አለብኝ። እጄ ከመልመዱ የተነሳ ሻይ እየጠጣሁ፣ ከባልደረቦቼ ጋር እያወራሁ ስፈርም አንድም ገጽ አልዘልም ነበር። ማንበቡን ግን ከተውኩ ቆይቼ ነበር።

ይህን ስጽፍ አፍራለሁ። እንዲህ የማደርገው እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ ስለማውቅ ግን እጽፈዋለሁ።

ሌላም ኃላፊነት ነበረኝ። ከመላ አገሪቱ በዓመት አርባ ተማሪዎችን ብቻ የሚቀበል፣ የተቀበላቸውንም ያለ ክፍያ የሚያስተምር አንድ ኮሌጅ አለ። እያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሦስት ተማሪ ያቀርባል፤ ያልቀረበ አይፈተንም። በእኛ ትምህርት ቤት ሦስቱን የምመርጠው እኔ ነበርኩ፤ ፎርሙም በእጄ ነው። ኅዳር ሲገባ ተማሪዎች እየመጡ «ቲቸር፣ ዕድሌ ስንት ነው?» ይሉኛል። እኔም ከመቶ ቁጥር እሰጣቸዋለሁ፤ ለአንዱ ሰባ፣ ለሌላዋ አስር።

ምክትል ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ሕዝቅያስ «ነቢዩ ክብሩ» ይሉኝ ነበር። አይሆንም ካለ አይሆንም፣ ስቶ አያውቅም እያሉ ለአዳዲስ መምህራን ያወሩልኛል። እውነት ነው፣ ስቼ አላውቅም ነበር። አይሆንልህም ያልኩት ተማሪ ፎርም አያገኝም፤ ፎርም ያላገኘ አይፈተንም፤ ያልተፈተነ አያልፍም። ይሆንለታል ያልኩት ሲወድቅ ደግሞ ፈተናው ከብዶ ነው እንል ነበር።

ሩሀማ የምትመጣው ከከተማው ወጣ ካለችው ከቱላ ነው። ስጠይቃት ወዲያው አትመልስም። አፏን የፈታችው በሲዳሙ አፎ ስለሆነ አማርኛውን እያሰበች ትናገራለች፤ እንግሊዝኛውንማ ከዚያም በላይ እያሰበች። እሷ አስባ እስክትጨርስ ሄኖክ ሦስት ጊዜ መልሶ ይቀመጣል። ሄኖክ መሃል ከተማ፣ ፒያሳ ያደገ፣ ከፊልም የለቀመውን እንግሊዝኛ ሳይደናቀፍ የሚያወርድ ልጅ ነው። እኔ ደግሞ ችኩል መምህር ነበርኩ። ዝምታዋን ከባዶነት ቆጠርኩት።

ባለፈው ዓመት ኅዳር ላይ፣ አንድ ዓርብ ደብተሯን ራሷ ይዛ መጣችና ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመች። ጋሽ ሕዝቅያስም እዚያው ነበሩ። የምግብ ሳይንስ መማር እንደምትፈልግ፣ ኮሌጁ ያንን ትምህርት እንደሚሰጥ ማንበቧን ነገረችኝና ፎርሙን እንድሰጣት ጠየቀችኝ። ይህን ተናግራ እስክትጨርስ ሁለት ጊዜ ሰዓቴን አየሁ። ደብተሯን ተቀብያታለሁ፤ አልከፈትኩትም።

«ሩሀማ፣ እውነቱን ልንገርሽ» አልኳት። «ያንቺ ዕድል ከመቶ ሁለት ነው። ሞክረሽ ከምታዝኚ ይቅርብሽ።»

ጎንበስ ብላ ያልከፈትኩትን ደብተሯን አየች። ከዚያ ቀና አለች።

«ሁለቱ ግን አለ?»

ጋሽ ሕዝቅያስ ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። «እንግዲህ ሎተሪም የሚደርሰው ሰው አይጠፋም» አልኳት።

«እሺ ቲቸር» ብላ ወጣች።

ሰኞ ደብተሯን መጥታ አልወሰደችም። በቀጣዩ ዓርብም ሌላ ደብተር አላስገባችም። ይህን ሁሉ አላስተዋልኩም። እንዲያውም ልጅቷን ከመውደቅ እፍረት ያዳንኳት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሄኖክን፣ ማህሌትንና ፀጋን አቀረብኩ። ጥር መጨረሻ ላይ ማመልከቻው ተዘጋ። የካቲት ላይ ኮሌጁ ደብዳቤ ላከ፦ እያንዳንዱ ተማሪ በክፍል ውስጥ በእጁ የጻፈው፣ መምህሩም ያረመው ሁለት ገጽ ይላክልን የሚል። የሦስቱን ደብተሮች ገለጥኩ። ታይቷል፣ ታይቷል፣ ታይቷል። ከመስከረም እስከ የካቲት አንዲት እርማት የለችም።

ለጋሽ ሕዝቅያስ ነገርኳቸው። «ቀይ እስክሪብቶ ያዝና እዚህም እዚያም ጫር ጫር አድርግበት» አሉኝ። «ሁለት መቶ አርባ ደብተር የሚያነብ መምህር የት አለ? አንተ ብቻ ነህ እንዴ?»

ልጭር ተቀመጥኩ። ከሦስቱ ሥር በካኪ ወረቀት የተለበጠ አራተኛ ደብተር ነበር። የማን እንደሆነ ለማወቅ ከፈትኩት፤ የሩሀማ ነበር። የወጣልኝ ገጽ በጥቅምት «የማውቀው ሥራ» በሚል ርዕስ ያጻፍኳቸው ነው። እናቷ የተፋቀ እንሰት ጉድጓድ ውስጥ ቀብራ ቆጮ ስታዘጋጅ ያየችውን ጽፋለች። እንግሊዝኛው እዚህም እዚያም ይሰናከላል። ሐሳቡ ግን ቢተረጎም እንዲህ ነው፦

«ጎረቤቶቻችን ቀን ይቆጥራሉ፤ ቀኑ ሲሞላ ደርሷል ይላሉ። እናቴ ጉድጓዱን ትከፍታለች። ቅጠሉን አንስታ እጇን እስከ ክርኗ ትከታለች፤ ታሸታለች። ከላይ የደረሰ የሚመስለው ከታች ጥሬ ይሆናል። ከላይ የጠቆረውም ከታች ነጭ ሆኖ ይገኛል። ሳይከፍቱ ማወቅ የለም።»

ቀጥሎ በማስመሪያ የተሠራ ሠንጠረዥ አለ። የአራት ጉድጓዶችን ሽታና ቀለም በየሳምንቱ መዝግባ፣ በዝናቡና በደረቁ ወራት እያንዳንዱ ስንት ቀን እንደፈጀበት አነጻጽራለች። ማንም አላዘዛትም። ከገጹ ግርጌ በእርሳስ «ቲቸር፣ የት እንደተሳሳትኩ ቢጽፉልኝ ደስ ይለኛል» ብላለች። ከዚህ ልመና ሥር የእኔ እጅ ጽሑፍ አለ፦ «ታይቷል»። የፊርማዬ ጭራ ረዝሞ የመጨረሻ ቃሏን ሰርዞታል።

ሩሀማንም እንዲቀበሉልኝ ልጠይቅ ለኮሌጁ ደወልኩ። ቅድስት የምትባል የምዝገባ ሠራተኛ አዳመጠችኝና ማመልከቻው መዘጋቱን፣ የሚቀበሉትም የዓመቱን የአስራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ብቻ መሆኑን በትህትና ነገረችኝ። ከዚያ «ሲመርጡ ጽሑፏን አላዩትም ነበር?» አለችኝ። የሦስቱን ገጾች ምንም ሳልጭርባቸው፣ አለማረሜን ገልጬ ላክሁ። በኋላ ከሦስቱ ለፈተና የተጠራችው ማህሌት ብቻ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት በባጃጅ ወደ ቱላ ሄድኩ። የሩሀማ እናት ወይዘሮ ገበያነሽ እንሰት ሲፍቁ ነበር። መምህር መሆኔን ሲሰሙ ሥራቸውን ትተው ተነሱ፤ በርጩማ አቀረቡልኝ፤ ልጃቸውንም ጠሩ። ነገሬን ሳልጀምር በሲዳሙ አፎ ያመሰግኑኝ ጀመር፤ ሩሀማ ትተረጉምልኛለች።

«ጌታ ይባርክዎ መምህር። ቁርጡን ባይነግሯት ኖሮ ልጄ በከንቱ ስትመኝ ትኖር ነበር። እኛ ምን እናውቃለን? መምህር አይቶ ነው የሚናገረው።»

«አላየሁም» አልኳቸው። «እናቴ፣ ሳላይ ነው የተናገርኩት።»

ግራ ገብቷቸው ወደ ሩሀማ ዞሩ። ደብተሩን አውጥቼ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ተናገርኩ። እሷም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር በሲዳሙ አፎ ተረጎመችላቸው። አስራ ሁለት ዓመት በኖርኩበት ከተማ፣ ልማረው ባልሞከርኩት ቋንቋ፣ የራሴ ጥፋት ሲነገር ቁጭ ብዬ ሰማሁ። አንድም ነገር አልቀነሰችም፤ አልጨመረችምም። ቋንቋው ባይገባኝም እንደዚያ መሆን አለበት። በደብተሯ ያለው ሥራዋም እንደዚያ ነበር።

ወይዘሮ ገበያነሽ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ።

«ያልከፈቱትን ጉድጓድ ደርሷል ቢሉ ሆድ ያማል» አሉ። «አልደረሰም ብለው ቢተዉት ደግሞ ይበላሻል።»

አልተቆጡም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር።

ሩሀማ «አሁንስ ከመቶ ስንት ነው ቲቸር?» አለችኝ።

«ዜሮ ነው» አልኳት። «ማመልከቻው ተዘግቷል። ያኔ ስንት እንደነበረ አላውቅም። ዜሮ ያደረግኩት ግን እኔ ነኝ።»

በዚህ ጊዜ ሰዓቴን አላየሁም፤ አስባ እስክትጨርስ ጠበቅኳት።

«እንግዲያው እርማቱን ይጻፉልኝ» አለች ደብተሩን ወደ እኔ እየገፋች። «ጥቅምት ላይ የጠየቅኩትን።»

በርጩማው ላይ ተቀምጬ እያንዳንዱን መስመር አነበብኩ፤ አረምኩ። አንድ ቦታ ለሽታ የተጠቀመችበትን ቃል ሰርዤ ሌላ ስጽፍበት፣ «እሱ የተበላሸ ነገር ሽታ ነው፣ የእናቴ ጉድጓድ እንደዚያ አይሸትም» አለችኝ። ትክክል ነበረች። የራሴን እርማት ሰረዝኩ። ስጨርስ ደብተሯን ተቀበለችኝ። ይቅርታ አድርጌልዎታለሁ አላለችኝም፤ እኔም አልጠየቅኳትም።

ሩሀማ ብሔራዊ ፈተናውን አልፋ ሩቅ ወዳለ ዩኒቨርሲቲ ተመድባለች። የደረሳት ትምህርት ግን የፈለገችው አይደለም።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪ ከእኛ ግምት አይፈልግም፤ የሚፈልገው የሠራውን እንድናይለት ነው። በአፍ ፍጥነት፣ በሰፈር፣ በተቀመጠበት ወንበር የምንሰጠው ቁጥር ምዘና አይደለም። ቁጥሩን ከሰጠን በኋላ ደግሞ ልጁ እንደ ቁጥሩ ይኖራል። ወላጆችም መምህር አይሆንም ሲላችሁ አሜን ብላችሁ አትመለሱ። በአክብሮት «ምኑን አይተው ነው?» በሉት። እኔን ያኔ አንድ ሰው እንዲህ ቢለኝ ኖሮ ደብተሩን እከፍተው ነበር።

ዘንድሮ ፎርሙ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ለሁሉም ተሰጥቷል፤ የአመልካቾቹን ጽሑፍም ሦስት መምህራን አንብበው ይመርጣሉ። ዕድሌ ስንት ነው ለሚለኝ ተማሪ «ደብተርህን አምጣ» እላለሁ። ሁለት መቶ አርባውን በየሳምንቱ ማዳረስ አልቻልኩም። ስልሳውን አነባለሁ፤ የቀረውን ሳልፈርም እመልሳለሁ። ጋሽ ሕዝቅያስ ባለፈው ሰኞ ያልተፈረመባቸውን ደብተሮች አይተው፣ ተቆጣጣሪ ቢመጣ ምን ልንል ነው አሉኝ።

«አልታየም እንላለን» አልኳቸው።