የሩማን ሚዶ

የዘልማር የንጋት ድንጋይ በተሰረቀ ማግስት ፀሐይ ሳትወጣ ቀረች። ዘንዶው ሙርጋ ድንጋዩን ነጥቆ ዋሻው ገብቶ ነበር። አገሩ በጨለማ ሲተራመስ፣ የቤተ መንግሥቱ ወጣት ዘበኛ ሩማን ጦሩን ወደ ላይ አንሥቶ፣ «ድንጋዩን ሳልይዝ ብመለስ የአባቴ ልጅ አይደለሁም!» ሲል ማለ።

«አብሮኝ ወደ ዋሻው የሚወርድ ማነው?» ቢል ግን ያ ሁሉ ጎበዝ መሬት መሬት አየ። ከዕረፍት ግቢ ቅጥር ውስጥ ብቻ አንድ ድምፅ «እኔ አለሁ!» አለ። ሽማግሌው ጎርፋ ነበር።

ሩማን አፈረ። እንዴት አያፍር! በዘልማር ሕግ የዘበኞች ፀጉር በየዓመቱ በአደባባይ ይበጠራል፤ ሽበት የተገኘበት መታጠቂያው ተቆርጦ፣ በሩ ከውጭ ብቻ ወደሚከፈተው የዕረፍት ግቢ ይገባል። ሚዶውን የሚይዘው ሩማን ነው። ባለፈው ክረምት በጦር ውርወራ ማንም የማይስተካከለውን ጎርፋን አበጥሮ፣ «ይረፉ አባቴ፣ ደክመዋል» ያለው እሱው ነበር። ጎርፋም ተከራክሮ ተከራክሮ ሲያቅተው፣ «እርጅና ብቻህን ና ይባላል፤ የእኔው አንተን ሚዶ አስይዞ መጣ» ብሎት ገባ።

አሁን ሩማን በሩን ከፈተለት፤ አብረው ወረዱ። ጦራቸው በዘንዶው ቅርፊት ላይ ተሰበረ፤ የዋሻው አፍም ከኋላቸው ተዘጋ።

«ድንጋዩም በሩም የሚለቀቁት በዕድሜ ነው» አለ ዘንዶው። «አርባ ዓመት ስጡኝ።»

«የእኔን ውሰድ!» አለ ጎርፋ ደረቱን ሰጥቶ።

ዘንዶው ሳቀ። «አንተማ ምን ቀርቶህ!»

«አየህ፣» አለው ጎርፋ ለሩማን፣ «ዘንዶውም እንደ እናንተው ነው።»

ሩማን ገና ጎጆ እንኳ አልወጣም፤ ክፉኛ ፈራ። ነገር ግን ፀሐይ ካልወጣች አዝመራም ሰውም አይተርፍም። «ውሰድ» አለ። ወዲያው ፀጉሩ ሸበተ፣ ወገቡ ጎበጠ፤ ድንጋዩን እንዳቀፈ ጎርፋ ደግፎ አወጣው።

ፀሐይ ወጣች! ዘልማር በእልልታ ተናወጠች። በከተማው በር ላይ ግን የሩማን የልጅነት ጓደኛ ታልሚን ሚዶውን ይዞ ቆሟል።

«ታልሚን! እኔ እኮ ነኝ፣ ሩማን!»

«አውቃለሁ» አለ ታልሚን አንገቱን ደፍቶ። «ውለታዎ አይረሳም። ሕግ ግን ሕግ ነው። ይረፉ አባቴ፣ ደክመዋል።»

ትናንት «አንተ» ይለው የነበረ ልጅ ነው። ሩማን የሚከራከርበት ቃል ፈለገ፤ የሚለውን ሁሉ ባለፈው ክረምት ጎርፋ ብሎት፣ እሱ ራሱ መልስ ሰጥቶበታል።

መታጠቂያው ተቆረጠ። የዕረፍት ግቢው በር በሁለቱም ላይ ከውጭ ተቀረቀረ። ሩማን እጁ እስኪዝል ደበደበው፤ ማንም አልመጣም። ጎርፋ ግድግዳው ሥር ካለው መደብ ላይ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት።

«ና ልጄ፣ እዚህ ተቀመጥ» አለው። «ያመጣሃት ፀሐይ ቀድማ የምትገባው በዚህ ጥግ ነው።»