ሁለተኛው ጉርሻ

ስልኩ ሲጮህ ኢንስፔክተር ፀጋዘአብ በግራ መንጋጋው ሽሮ እያኘከ ነበር። በቀኙ ማኘክ ከተወ ሰባት ወር ሆኖታል። እዚያ በኩል አንድ የተቦረቦረ ጥርስ አለ፤ ሌሊት ሲነዝረው አድሮ ጠዋት እንደ ሰካራም ባል ጸጥ ይላል።

«ጌጃ ሰፈር ሰው ሞቷል» አለች ሳጅን ሲፈን። «ጥርሱን ተነቅሎ።»

«ጥርስ በመነቀል ሰው አይሞትም።»

«እሱን መጥተው ለሰፈሩ ይንገሩልኝ። የዶክተሯን ክሊኒክ በድንጋይ እየጨረሱት ነው።»

ፀጋዘአብ የቀረውን እንጀራ አየው። ለጡረታ አራት ወር ቀርቶታል፤ አራት ወር ሙሉ ሰው ሳይሞት እንዲቆይ መጠበቅ ግን የልጅ ምኞት ነው። ተነሣ።

ሟቹ አቶ ገብረአረጋዊ ሳሎናቸው ውስጥ፣ ባለ መደገፊያው ወንበር ላይ እንደተቀመጡ ነበሩ። የስድሳ አንድ ዓመት ሰው፣ ሠላሳ ዓመት የብረት በር የሠሩ። አገጫቸው ላይ ጥቂት ደም ደርቋል። ታላቅ እህታቸው ወይዘሮ ወለተሃና ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አጠገባቸው ቆመዋል።

«ወሩ የገባበት ቀን አይደል፤ በማለዳ ልደታ ማርያም ሄድኩ» አሉ። «በሰባት ሰዓት ስመለስ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት። ያቺ ልጅ በመርፌ ገደለችብኝ!»

«ጥርሱ ያማቸው ነበር?»

«የት አሞት! ከስድስት ዓመት በፊት ነርቩን አስገድሎ ያስሞላው ነው፤ ሩት ካናል የሚሉት። ዘንድሮ እንቅልፍ አጣሁ፣ ልቤን ደከመኝ፣ ላብ አጠመቀኝ ይል ጀመር። ባለሱቁ ነስረዲን ደግሞ በስልክ ቪዲዮ ይልክለታል። የሞተ ጥርስ አፍ ውስጥ ተቀምጦ ደም ይመርዛል የሚል። በቃ፣ ካልተነቀልኩ አለ።»

«እንቅልፍ ያጡት ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ሴትዮዋ ወደ ወንድማቸው ዞሩ። «እሱና ሸሪኩ ሰመረ የሠሩት በር ወድቆ አንድ ዘበኛ ከገደለ ጀምሮ። ዓርብ ፍርድ ቤት ምስክር ነው… ነበር።»

ፀጋዘአብ ባትሪ አብርቶ ወደ ሟቹ አፍ ጎነበሰ። የታችኛው የግራ ክራንቻ የለም፤ ጉድጓዱ ውስጥ ደሙ ደህና አድርጎ ረግቷል። የከንፈሩ ውስጠኛ ወገን ግን በጥልቀት ተነክሷል። ምላሱ ላይ በሽሮ የተለወሰ ቁራሽ እንጀራ አለ። ከዚያ ቀኝ እጃቸውን አንሥቶ ጣት በጣት አየው፤ አሸተተው። የሽሮ ጠረን የለውም፤ ጥፍሩ ሥር የብረት ጥላሸት እንጂ የወጥ ምልክት አይታይም።

«ዛሬ ምን በሉ?»

«ምንም! ትናንት ቀጠሮ ሲይዝ ዶክተሯ ከተነቀልክ በኋላ እስከ ስምንት ሰዓት እንዳትበላ ብላዋለች። ወንድሜ የታዘዘውን የሚያጎድል ሰው አይደለም። ቤትም ምንም አልተሠራ።»

«ይሄ ማስታጠቢያስ?» ከወንበሩ ሥር እጅ የታጠበበት ውሃ የያዘ ማስታጠቢያ ነበር።

«እሱ እንግዳ ካልመጣ ከቁም ሳጥን አይወጣም» አሉ ወይዘሮ ወለተሃና፤ ወዲያው እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። «እንዴ! ማን አወጣው?»

በዘጠኝ ሰዓት ክሊኒኩ ሲደርሱ ሰዉ በሩን ከቦ ነበር። ዶክተር ቤርሳቤህ፣ ገና ሠላሳ ያልሞላት ሴት፣ የተሰበረ መስታወት ትጠርጋለች። ክሊኒኳን ከከፈተች አንድ ዓመት አልደፈነም። ሲፈን አለቃዋን ወደ ጥግ ሳበችው።

«ሆስፒታሉ ደውሏል። በመጀመሪያ ምርመራ መርዝ ነው፤ በአፍ የገባ፣ በደቂቃ ልብ የሚያቆም። ኮማንደሩ ደግሞ ‹አፉ ውስጥ ስትሠራ የዋለችው ማን ሆነችና! ጥጡ ላይ አድርጋው ነው› ይላሉ። እስከ ነገ ስድስት ሰዓት የእስር ማዘዣዋ ላይ ይፈርም ብለዋል።»

«እሳቸው ጥርሳቸውን ማን ያክማቸዋል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ?»

«በደቂቃ የሚገድል መርዝ ይዞ እስከ ቤቱ የሚሄድ ሰው የለም። ይሄ አልተነገራቸውም?»

«ተነግሯቸዋል። ‹ሰፈሩ ይረጋጋ› አሉ።»

ፀጋዘአብ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ። ወደ ዶክተሯ ዞረ። «ለምን ነቀሏቸው?»

«አይነቀል ብያቸው ነበር። ራጅ አንሥቼ ጤነኛ መሆኑን አሳየኋቸው። ‹ዓርብ ዳኛ ፊት ስቆም ውስጤ መርዝ እንዲኖር አልፈልግም› አሉኝ። አስፈርሜ ነው የነቀልኩት። በሦስት ሰዓት ነቀልኩ፤ አራት ሰዓት ላይ በእግራቸው ሄዱ።»

«ያ ምንድን ነው?» መደርደሪያው ላይ የጄሶ ጥርስ ተቀምጧል።

«የእሳቸው ነው። ያለ ክራንቻ ብናገር አፌ ያፏጫል፣ ዳኛው ይስቁብኛል ብለው ጊዜያዊ ጥርስ አዘዙኝ። ደሙ ሲቆም ልካቸውን ወሰድኩ።» ጄሶውን ቀና አደረገችው። «ለነገ ነበር የማደርስላቸው።»

«ማደንዘዣው እስከ ስንት ሰዓት ይቆያል?»

«እስከ ሰባት፣ ሰባት ተኩል። ለዚህ እኮ ነው አትብሉ የምለው። የደነዘዘ ሰው የገዛ ከንፈሩን አኝኮ አያውቀውም።» ቀና ብላ አየችው። «የእርስዎ የቀኙ ስንት ጊዜው ነው?»

«ጠያቂው እኔ ነኝ» አለ ፀጋዘአብ፤ ጉንጩን የያዘ እጁንም አወረደ።

ነስረዲን ከሱቁ ባንኮኒ ጀርባ ዓይኑ ቀልቶ ተቀምጧል።

«ወላሂ ለጤናው ብዬ ነው የላክሁለት!»

«ስንት ቪዲዮ ላክህለት?»

«አርባ… ሃምሳ ቢሆን ነው።»

«አንተ ሩት ካናል የለህም?»

«ሁለት አለኝ።»

«አስነቀልካቸው?»

«እኔማ ምን አድርጎኝ!» አለ ነስረዲን፤ ሲፈን ፊቷን ወደ ስኳሩ ጆንያ አዞረች። «በአራት ሰዓት ሲመለስ እዚህ ጋ ቆመ። ለስላሳ ልክፈትልህ አልኩት። ከንፈሩን በጣቱ አሳየኝና እምቢ አለ። ውሃ እንኳ እምቢ አለኝ። ከእኔ እጅ፣ ውሃ!»

«ሌላ ሰው ቤቱ ሲገባ አየህ?»

«ዕቃ ላመጣ መርካቶ ወረድኩ እንጂ እዚህ ብሆንማ ማን ያልፈኝ ነበር!»

ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ባለው የብረት ሥራ ቤት ውስጥ አቶ ሰመረ በር ሲበይዱ ነበር። መከለያውን ከፊታቸው አነሡ፤ ሰውየው ሳያለቅሱም የሚያለቅሱ የሚመስሉ ዓይነት ናቸው።

«ሰማሁ» አሉ። «ጥርስ እንዲህ ይጨርሳል?»

«መጨረሻ የተያያችሁት መቼ ነው?»

«ሦስት ወር ሆነን። ተኳርፈን። ሠላሳ ዓመት ከአንድ ምሳ ዕቃ የበላን ሰዎች… ይሄው፣ በሥራ ነገር።»

«በወደቀው በር ነገር?»

«ቢሆንስ!»

የቀኝ እጃቸው ሁለት ጣቶች በጨርቅ ተጠቅልለዋል። «ምን አገኘዎት?»

«የብረት መቁረጫው ነው። ትናንት።»

«ቀኝ እጅዎን?»

«ብረት እጅ አይመርጥም፣ ጌታው።»

ፀጋዘአብ ራሱን ነቀነቀ። ሲወጣ የበር እጀታ የሚለበጥበትን ገንዳ አየ። አጠገቡ የራስ ቅል የተሳለበት የመለበጫ መርዝ ቆርቆሮ አለ፤ ክዳኑ አቧራ የለበትም።

በማግሥቱ በአራት ሰዓት ሁሉም ክሊኒኩ ውስጥ ተሰበሰቡ። ወይዘሮ ወለተሃና ከዶክተሯ ርቀው ጥግ ይዘዋል። ነስረዲን ስልኩን አጥፍቶ መጥቷል። አቶ ሰመረ ከበሩ አጠገብ ቆመዋል፤ ከጀርባቸው ሳጅን ሲፈን። በተሰበረው መስኮት ሰፈሩ አንገቱን አስግጎ ያዳምጣል። ፀጋዘአብ ሌሊቱን አልተኛም፤ ጥርሱ አላስተኛውም።

«ቶሎ እንጨርስ» አለ። «ስናገር ያመኛል። ሟቹ አፋቸው ውስጥ ምግብ ነበር፤ እጃቸው ላይ ግን የለም። እጁን ሳያስነካ የሚበላ ሰው ማነው?»

«ሕፃን» አለ ነስረዲን።

«ሌላስ?»

ከመስኮቱ ውጭ አንዲት ሴት «የሚጎርስ!» አለች።

«እሷን አስገቧት ብል ደስ ባለኝ» አለ ፀጋዘአብ። «አዎ፣ የሚጎርስ። ማስታጠቢያው ለእንግዳ ወጥቷል፤ የታጠበው እንግዳው ነው፤ ያጎረሰውም እሱ ነው። መርዙ የነበረው ጉርሻው ውስጥ ነው። ሰዓቱን ከንፈራቸው ይነግረናል። ከንፈሩን እንደዚያ ነክሶ ዝም የሚል የደነዘዘ ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ ከሰባት ሰዓት በፊት ነው። ያን ጊዜ ወይዘሮ ወለተሃና ከሰው መሐል ቅዳሴ ላይ ነበሩ፤ አጣርተናል። ዶክተር ቤርሳቤህ ከአራት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ሰባት ሰው አክማለች፤ ሰባቱም አሉ። መቼም ከመካከላቸው ትናንት ድንጋይ የወረወረም አይጠፋም።»

ውጭ ጉርምርምታ ሆነ።

«ነስረዲንስ?» አሉ ወይዘሮ ወለተሃና።

«ነስረዲን ውሃ ቢሰጣቸው እምቢ ብለዋል። ጥያቄው እሱ ነው፤ ወዳጃቸውን በውሃ እምቢ ያሉ ሰው፣ ሐኪም የከለከላቸውን ምግብ ከማን እጅ ይቀበላሉ? ከወዳጅ አይቀበሉም። ወዳጅ ነገ ይመጣል። ምሳ ዕቃውን ይዞ ‹እንታረቅ› ብሎ ከመጣ የተኳረፈ ሰው እጅ ግን ይቀበላሉ። የዕርቅ ጉርሻ እምቢ አይባልም፤ አፍ ቢደነዝዝም፣ ዶክተር ቢቆጣም።»

አቶ ሰመረ ወደ በሩ ዞሩ። ሲፈን ከበሩ አልተነቃነቀችም።

«ሦስት ወር አላየሁትም ብያለሁ!»

«ብለዋል። ብረት ቆራጭ መቁረጫውን በቀኙ ይይዛል፣ ብረቱን በግራው ይደግፋል። መቁረጫው ያመለጠው ሰው የሚቆስለው ግራው ነው። ጨርቁን ይፍቱትና ልሳሳት።»

ሰውየው ቆሙ። ከዚያ ሲደክማቸው ይታይ ነበር። በግራ እጃቸው ጨርቁን ቀስ ብለው ፈቱት። ጣቶቹ ላይ ከላይም ከታችም የደም ነጥብ ተደርድሯል።

«ዶክተር» አለ ፀጋዘአብ።

ቤርሳቤህ የጄሶውን ጥርስ ከመደርደሪያው አወረደች። ከጣቶቹ ሥር አስጠጋችው። ከታች በኩል ያሉት ነጥቦች አንድ በአንድ ጥርሱ ላይ ገጠሙ። በመካከላቸው አንድ ቦታ ባዶ ነበር፤ ጄሶውም እዚያው ላይ ባዶ ነው።

«ክራንቻው የለም» አለች በሹክሹክታ።

«ትናንት እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ ነበረ» አለ ፀጋዘአብ። «ስለዚህ እኒህ ጣቶች የተነከሱት ከሦስት ሰዓት በኋላ ነው፤ ከሞታቸው በፊት። የተናገርነው ሁሉ ቢረሳ፣ ይሄ ለዳኛ ይበቃል። ሟቹ ለጤናዬ ብለው ያስነቀሉት ጥርስ ዕድሜ አልጨመረላቸውም። ምስክርነታቸውን ግን ሰጥተዋል፤ ከዓርብ ቀድመው።»

ወይዘሮ ወለተሃና ጮኹ። አቶ ሰመረ ግን የሚያዩት ጄሶውን ነበር።

«ማጠፊያው ቀጭን ነው ብሎኝ ነበር» አሉ። «ይበቃል አልኩት። ዘበኛው ሲሞት ‹ዓርብ እውነቱን እናገራለሁ፣ አንተም ተናገር› አለኝ። በስተርጅና እስር ቤት…» ጨርቁን በግራ እጃቸው ጨበጡ። «መርዝ የሌለበትን አንዱን ካጎረስኩት በኋላ እጄን ልሰበስብ ነበር። ቃሌ ነው፣ ልሄድ ነበር። ‹ሰሜ፣ አንድ ጉርሻ ያጣላል፤ ድገመኝ› አለኝ።»

አቶ ሰመረ የተነከሱትን ጣቶች አዩ።

«ደገምኩት። ነከሰኝ። ‹ይቅርታ፣ አፌ ደንዝዞ ነው› አለኝ።»

ሲፈን በካቴና ይዛቸው ወጣች። ሰፈሩ መንገድ ከፈተላቸው፤ ድንጋይ ያነሣ አልነበረም። ወይዘሮ ወለተሃና ወደ ዶክተሯ ሁለት እርምጃ ሄዱና ቆሙ። የነጠላቸውን ጫፍ ይዘው ጎንበስ አሉ፣ ወጡ። ነስረዲን ተከተላቸው።

ሌላው ሰው ግን ከመስኮቱ አልሄደም፤ አልገባምም። ቤርሳቤህ ባዶውን የተራ መጠበቂያ ወንበር አየች። ነጻ መሆንና ሰው ማግኘት ሁለት ነገር መሆናቸውን ፀጋዘአብ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ አይቷል።

ኮቱን አውልቆ የሕክምናው ወንበር ላይ ወጣ። ወንበሩ ሲንቋቋ እሱም አብሮት ተንቋቋ።

«የቀኙ ነው» አለ። «ሰባት ወሩ።»

ባትሪዋን አብርታ አየች። «ነርቩ ሞቷል። ልንቀለው ወይስ ሩት ካናል ላድርግለት?»

«አክሚው። በዚህ ሳምንት የተነቀለው ይበቃል።»

ሰው እንዳያያቸው በሩን ልትዘጋ ሄደች።

«ተዪው፣ ልጄ» አለ። «ክፍት ይሁን።»

መርፌው ሲገባ ዓይኑን ጨፈነ። ከንፈሩ ቀስ በቀስ የሌላ ሰው ከንፈር ሆነ። ሰፈሩ በመስኮቱ ሆኖ ይሞት እንደሆነ ይጠብቃል። ሩብ ሰዓት ሆነ፤ አልሞተም።

ያቺ ‹የሚጎርስ› ያለች ሴት ጉንጯን በነጠላዋ ደግፋ ገባችና ከወንበሮቹ አንዱ ላይ ተቀመጠች።

«ከእሳቸው ቀጥሎ ተራው የእኔ ነው» አለች።