ከአልጋ ሥር ያለው ጀሪካን

«መበለቲቱ ግን አልሰሰተችም!» አለች ገሊላ፣ ማበጠሪያዋን እንደ ማይክ ይዛ ከመስታወቱ ፊት ቆማ። ጠጉሯን የለቀለቀችበት አቮካዶና እንቁላል ወደ ግንባሯ ይወርዳል። «እፍኝ ዱቄት ብቻ ቀርቷት ሳለ፣ አስቀድማ ለነቢዩ ኤልያስ ጋገረች! እኛስ? እኛ ስስታሞች!»

«እኛ» ስትል እጇን ወደ መስኮቱ፣ ወደ መላው የአቦከር ሰፈር ዘረጋች። ብርድ ልብስ ተከናንቦ ከአልጋዋ ሥር ወደተኛው ሙሉ ጀሪካን ግን አልጠቆመችም።

ነገ በሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምረው እሷ ናት። በጠጉሯም ልታስተምር አስባለች። ሰፈሩ ውሃ ካየ ሰንብቷል፤ እሷ ግን ጀሪካኑን የደበቀችው በርሜሉ ገና ሙሉ ሳለ ነው። እናቷን፣ ለተማርያምን፣ ታውቃታላ! በር ላንኳኳ ሁሉ ትቀዳለች። «ሲያልቅስ?» ስትባል፣ «የሰጠ አምላክ መች ሞተ?» ትላለች። ገሊላ እግዚአብሔርን ታምናለች። የማታምነው ቧንቧውን ነው።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታቸው አዴ ዘይነባ ናቸው።

«ለቴ፣ ወላሂ አፍሬ ነው የመጣሁት። ልጄ ሳዳ ወልዳ ዛሬ ከሆስፒታል ወጣች። እስከ ኤረር በር ዞሬ፣ ሕፃኑን የማጥብበት ውሃ አጣሁ።»

ለተማርያም በርሜሉን አዘንብላ በጣሳ ፋቀችው። የወጣው አንድ ጆግ እንኳ አልሞላም። ሁሉንም ሰጠቻቸው።

«ገሊላ! ጓዳ ሌላ ውሃ አለ?»

«የለም!» ብላ ብቅ አለች።

አዴ ዘይነባ አዩዋት። «ያ ረቢ! ልጄ፣ አቮካዶ በአፍ አልነበር እንዴ የሚበላው?»

«ለጠጉር ነው፣ አዴ። በኋላ ይታጠባል።»

«በምን?» አለች እናቷ።

ገሊላ ግንባሯ ላይ የወረደውን በእጇ ጠረገች።

«በ… በእምነት።»

አዴ ዘይነባ ሲስቁ ያቺው ጥቂት ውሃ ልትፈስ ነበር። «አላህ ጠጉርሽንም እምነትሽንም ያብዛልሽ!» ብለው ሄዱ። እናቷ አየቻትና ወደ ግቢ ወጣች። ከዚህ ቁጣዋ ይሻል ነበር።

ገሊላ ወደ መስታወቱ ተመለሰች። «መበለቲቱ ግን…» ከግድግዳው ማዶ ሕፃኑ አለቀሰ። ድምጿን ከፍ ብታደርግ እሱም ከፍ አደረገ። «እኛ ስስታሞች» ለማለት አፏን ስትከፍት፣ መስታወቱ ውስጥ ያለችው አንዲት አረንጓዴ ልጅ ብቻ ነበረች።

«መበለቲቱ እኮ አቮካዶ አልተቀባችም!» ብላ ተከራከረች። አቮካዶው መድረቅ ጀምሯል። ሕፃኑ ማልቀሱን ቀጠለ።

«አቦ!»

ተንበርክካ ጀሪካኑን ጎተተችው። ነጠላዋን ጠጉሯ ላይ ጠምጥማ ወደ ግቢ ወጣች።

«የለም አላልሽም?» አለች እናቷ።

«ዋሸሁ።»

«ጠጉርሽስ?»

«ነገም ነጠላ እለብስ የለ?»

«ዝንቡስ?»

«እሱም ቁጭ ብሎ ይማር!»

እናቷ ሳቋን ልትይዝ ሞክራ አቃታት።

ገሊላ ከአዴ ዘይነባ ቤት ባዶውን ጀሪካን ይዛ ስትመለስ፣ እግሯ በልማድ ወደ አልጋዋ አመራ። ግማሽ መንገድ ላይ ቆመች። ወደ ግቢው ተመልሳ ቧንቧውን ከፈተችው። ቧንቧው ባዶ አየር ተፍቶ ጸጥ አለ።

አልዘጋችውም። የጀሪካኑን ክዳን ፈታ ከሥሩ አቆመችው።