ያዋሰችኝ ጣት

ተረት ነው የምትሉ ካላችሁ ከወዲሁ እለፉት። እኔ ግን በአንድ ልጄ እምላለሁ... የሆነ ነገር ነው።

ስሜን አልነግራችሁም። ብነግራችሁም የኔ መሆኑን የሚመሰክርልኝ የለም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። ጠራራ ፀሐይ። መዋለ ሕፃናቱ በር ላይ እናቶች እየተንጫጩ ልጆቻቸውን ይረከባሉ። ክፉ ነገር በጨለማ ነው የሚመጣው ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል።

መጀመሪያ ግን ስለ ጣቴ ልንገራችሁ።

የሆቴል ልብስ አጣቢ ነኝ። አንሶላ፣ ፎጣ፣ የጠረጴዛ ልብስ... ቀኑን ሙሉ እጄ በረኪና ውስጥ ነው። ጓንት ይሰጡናል። እኔ ግን ጓንት ካደረግኩ እድፉ መልቀቁ አይታወቀኝም፣ ስለዚህ በባዶ እጄ ነው የማጥበው። በረኪናው አሻራዬን ሙልጭ አድርጎ በላው። የጣቶቼ ጫፍ እንደ ሳሙና ልሙጥ ነው።

ልጄ ሚጡ ይሄን ትወደዋለች። ቤታችን ውስጥ እኔና እሷ ብቻ ነን። ከሥራ ስገባ ዓይኗን ጨፍና ጣቴን ትዳብሳለች።

"ለስላሳ!" ትላለች። "እማዬ ነሽ!"

ማሽን ግን እንደ ሚጡ አያውቀኝም።

ሥራ ቦታ መግቢያው ላይ የአሻራ ማሽን ተተከለ። ብጫነው፣ ብጠርገው፣ እፍ ብልበት... ቀይ መብራት። በባዶ እጃችን የምናጥብ ሁላችንም እንዲሁ ሆንን። መላ የፈጠርነው ራሳችን ነን። ካውያ ቤት ያሉት ሴቶች እጃቸው አልተበላም፤ እያንዳንዷ ለአንዳንዳችን ጣት አዋሰች። በየጠዋቱ እሷ ትጫናለች፣ እኛ እንገባለን። አለቃችንም አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

ለእኔ ያዋሰችኝ ጭምቷ ናት። ካውያ ቤት አዲስ የገባች፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት። ስለማታወራ ነው ጭምቷ ያልናት። እኔን ደግሞ ሳቂታ ይሉኛል፤ ሳቄ ከጓዳ እስከ በር ይሰማል። አውራ ጣቷን ለራሷ አስቀረች፣ ሌባ ጣቷን ለእኔ ሰጠች። ጫፉ ላይ ካውያ የጠበሳት ትንሽ ምልክት ነበረች።

በዚያው ለመድኩት። ሲም ካርድ ሳወጣ ይዣት ሄድኩ። መዋለ ሕፃናቱ "ልጅ የሚረከበው አሻራው የተመዘገበ ወላጅ ብቻ ነው" ሲል... ይዣት ሄድኩ። ቤቷ በዚያው በኩል ስለሆነ ከሥራ አብረን እንወጣለን። በሩ ላይ እሷ ትጫናለች፣ እኔ ልጄን አቅፋለሁ።

ስልክ ጠጋኙ ታላቅ ወንድሜ ይሄን ሲሰማ መፍቻውን አስቀመጠ።

"አንቺ! ስልክሽ በእሷ ጣት፣ ልጅሽ በእሷ ጣት... ነገ ተነስታ 'እኔ ነኝ እሷ' ብትል በምን ልትከራከሪ ነው?"

"አንተ ደግሞ! ሰው ማመን ድሮ ቀረ?"

"ሰውማ እመኚ። ጣቷን ግን አሰርዢ። በምስጢር ቁጥር ይቀይሩልሻል። ቁጥሩን ለማንም አትንገሪ፣ ለእኔም ቢሆን። ዛሬ ነገ እንዳትይ።"

ዛሬ ነገ አልኩ።

መጀመሪያ ፀጉሯን እንደኔ ወደ ግራ ከፈለችው። ሴት አይደለች፣ አምሯት ነው አልኩ።

ቀጥሎ ለሚጡ የማንጎራጉረውን እሹሩሩ ካውያው ላይ ሆና ስታዜመው ሰማኋት። ያን ዜማ የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን አለቃችን "ሳቂታ!" ብሎ ተጣራ። "አቤት" ልል አፌን ስከፍት...

"አቤት!"

ከካውያ ቤት ነው የመጣው። በኔው ድምፅ።

ሁሉም ሳቁ። እኔም ለወጉ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች... የኔን ሳቅ።

ነገ በጠዋት ሄጄ አሰርዛለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ። በጠዋት ደግሞ የእንግዳ አንሶላ ተቆልሎ ጠበቀኝ፤ ከሰዓት እሄዳለሁ አልኩ። በሩን የከፈተልኝ አለቃችን ነው፤ ጭምቷ አልመጣችም። ከምሳ በኋላ ስልኬን ሳየው ኔትወርክ የለውም። ባጠፋው፣ ባበራው... የለም።

ሽርጤን ሳልፈታ ወደ መዋለ ሕፃናቱ ሮጥኩ።

"እናቷ ወስዳታለች" አለችኝ የመዋለ ሕፃናቱ ሞግዚት።

"እናቷ እኔ ነኝ!"

"እኅቴ፣ ቀስ በይ። ሕፃናት አሉ። አሻራዋን ተጭና ነው የወሰደቻት፤ የተመዘገበው ስልክ ላይም ደውለን አረጋግጠናል።"

"በየቀኑ እዚህ በር ላይ ታይኝ የለም እንዴ?!"

እላይ እታች አየችኝ። አዘነችልኝ መሰለኝ።

"አይሻለሁ እንጂ" አለችኝ። "አብረሻት ትመጫለሽ።"

አንዷን እናት ለምኜ በስልኳ ወደ ራሴ ቁጥር ደወልኩ።

"አቤት?"

ድምፄ ነው። ሲሜን በጣቷ አስቀይራ ወስዳዋለች። ከኋላው ሚጡ ትስቃለች።

"ልጄን... ልጄን መልሽልኝ..."

"ማን ልበል?"

"ኧረ በፈጠረሽ! ስልኩን ውሰጂው፣ ሥራውን ውሰጂው... ልጄን ብቻ..."

ከዚያ በሹክሹክታ...

"አትጩኺ። ልጄ ትደነግጣለች።"

ቤቴ ደረስኩ። ቁልፌ ገባ፣ ግን አልዞር አለ። በመስኮቱ ፍርግርግ አየኋቸው። የኔን ነጠላ ጫማ አድርጋለች። ሚጡ ጭኗ ላይ ተቀምጣ ብስኩት ትበላለች።

"ሚጡ! ሚጡዬ! እማዬ ነኝ!"

ልጄ ቀና አለች። ግራ ገባት። አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን።

ያን ጊዜ ተስፋ አገኘሁ። ማሽን ባያውቀኝ፣ ሞግዚት ባታውቀኝ... ይቺ ታውቀኛለች! እጄን በፍርግርጉ አሾለክሁ።

"ነይ የኔ እናት። ጨፍኚና ጣቴን ዳብሺ።"

ሴትየዋ አልከለከለቻትም። ፈገግ ብላ ተቀመጠች።

ሚጡ መጣች። ዓይኗን ጨፈነች። በትናንሽ ጣቶቿ ጣቴን ያዘች... ዳበሰች... እንደገና ዳበሰች...

ግንባሯ ተቋጠረ።

"ሻካራ ነው" አለች።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሸች። ከዚያ ዞራ...

"እማዬ፣ ይቺ ሴትዮ ማናት?"

እጄን ስቤ አየሁት። የጣቴ ጫፍ ላይ መስመር አለ። ቀጭን፣ ጥምዝምዝ ያለ... ስንት ዓመት ያላየሁት አሻራ። መሐሉ ላይ ደግሞ ካውያ የጠበሳት ትንሽ ምልክት።

ካውያ ይዤ አላውቅም።

ወደ ወንድሜ ሱቅ እንዴት እንደደረስኩ አላስታውስም። እያለቀስኩ ባንኮኒው ላይ ተደገፍኩ። ቀና ብሎ አየኝ፣ ወንበር ሳበልኝ። ሁሌም ሩኅሩኅ ነው።

"አይዞሽ፣ እህት" አለኝ። "ስልክ ተሰርቆብሽ ነው?"

ስሙን ጠርቼ፣ የእናታችንን ስም ጠርቼ፣ የልጅነታችንን ጉድ ሁሉ ዘረዘርኩለት። ፊቱ ተለወጠ። ይሄን ማን ነገረሽ ብሎ በሩን አሳየኝ።

በማግስቱ ሌላ መሄጃ ስላጣሁ ሥራ ቦታ ሄድኩ።

"ምነው ጭምቷ፣ ዓይንሽ አብጧል?" አለኝ ዘበኛው።

"ጋሼ... እኔ ሳቂታ ነኝ እኮ..."

ከት ብሎ ሳቀ። "አንቺም ቀልድ ጀመርሽ! ግቢ፣ ካውያው ግሏል።"

ማሽኑ ላይ አውራ ጣቴን አሳረፍኩ።

አረንጓዴ።

በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ... አንዴ ነክቼው አረንጓዴ።

ከማጠቢያው ክፍል ሳቄ ይሰማል። ገባሁ። በረኪናው ገንዳ ላይ ጎንበስ ብላለች፤ እጇ እስከ ክርኗ ተነክሯል። አዲሱ ጓንት አጠገቧ እንደታጠፈ ተቀምጧል። አለቃችን "ሳቂታ፣ ኧረ ጓንቱን አድርጊ፣ እጅሽ አለቀ!" ብሎ ጮኸባት።

ቀና አለች። እሱን አይደለም ያየችው፣ እኔን ነው። እርጥብ ጣቶቿን ከውኃው አውጥታ ብርሃኑ ላይ ዘረጋቻቸው... ልሙጥ ናቸው። ከዚያ ለእኔ ብቻ እንዲሰማ፣ በሹክሹክታ...

"ጓንት አልወድም። ልጄ ለስላሳውን ነው የለመደችው።"