ያልተመታው ጠርዝ

ጓ! ጓ! ጓ!

ታሩኪ የእህቷን አዲስ የክሪኬት ኳስ መምቻ በእንጨት መዶሻ ትቀጠቅጣለች። ለክፋት አይደለም፤ አዲስ መምቻ እንጨቱ ለስላሳ ነው፤ ለሰዓታት ተቀጥቅጦ ካልጠነከረ ገና በመጀመሪያው ኳስ ይሰነጠቃል። በተለይ ጠርዙ።

«ጠርዙን አደራ!» ብላት ነበር ማልሻ ወደ ቡድሃ ቤተ መቅደስ የሄደችው። የአሥራ አምስት ዓመቷ ማልሻ ለስሪላንካ ብሔራዊ ቡድን ተመርጣለች። ዛሬ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በአውቶቡስ ወደ ኮሎምቦ፣ ከዚያ በአውሮፕላን ወደ መጀመሪያ ጨዋታዋ ትሄዳለች። ያላት መምቻ ደግሞ ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ታሩኪ በአንድ ዓመት ትበልጣታለች። ለመሆኑ ማልሻን ማን አስተማራት? ከቤታቸው ጀርባ፣ ከኮኮናት ዛፎቹ ሥር፣ ትከሻዋ እስኪዝል ኳስ የወረወረችላት ማን ናት? ታሩኪ ናታ! ጋዜጣ ላይ የወጣው ግን የማልሻ ፎቶ ነው። ትናንት ዓሣ ሻጩ ሳይቀር «አንቺ የማልሻ እህት አይደለሽ?» አላት፣ ስም እንደሌላት ሁሉ! እናታቸውም ከዓሣው ትልቁን ቁራጭ ለማልሻ አወጣች። ታሩኪ አንጀቷ አረረ።

ስለዚህ የመምቻውን ፊት ብቻ መታች። እናቷ ከማድ ቤት እንድትሰማት አስጩሃ መታች። ጠርዙን ግን አልነካችውም። ማን ያውቃል? እንጨት ነው፣ ይሰበራል። «ጋዜጣው ያኔ ምን ይል ይሆን?» ብላ አሰበችና ደስ አላት። መዶሻውን አስቀመጠች።

ማልሻ እየሮጠች ገባች። እጇ ላይ ነጭ ክር ታስሮላታል።

«ጨረስሽ?»

«አዎ።»

«ጠርዙንስ?»

«አዎ አልኩሽ እኮ! ምን ትጨቀጭቂኛለሽ?»

«እሺ በቃ፣ አትቆጪ! እጅሽን አምጪ። ከክፉ የሚጠብቅ ክር ነው፤ መነኩሴውን ለምኜ ላንቺም አመጣሁልሽ። ቀኙን፣ የምትወረውሪበትን!»

አሰረችላት። ከዚያ መምቻውን ብድግ አድርጋ ከዛፎቹ ሥር ቆመች።

«በይ፣ አንድ ኳስ ብቻ! ያንን አስፈሪውን። ያንቺን ከቻልኩ ማንንም አልፈራም።»

ታሩኪ ኳሱን ጨበጠች። አስፈሪው ኳሷ ሁሌም ጠርዙን ነው የሚያገኘው። እየሮጠች መጣች፤ ክንዷን አነሳች፤ ነጩን ክር አየችውና ቆመች።

«ምነው?»

«አስቀምጪው። ጠርዙን አልመታሁትም።»

«አሁን መታሁት አላልሽም እንዴ?»

«ዋሸሁሽ! እንዲሰበርብሽ ፈልጌ ነው። ቀንቼብሽ ነው፣ በቃ! አሁንም ቀንቼብሻለሁ!»

ማልሻ መምቻውን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች። ዓይኖቿ እንባ አቀረሩ።

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ታሩኪ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

«ስድስት ተኩል።»

«ለጠርዙ ሁለት ሰዓት ይበቃል። ስጪኝ።»

ማልሻ ወዲያው አልሰጠቻትም። መምቻውን አየች፣ እህቷን አየች። በመጨረሻ ዘረጋችላት፤ ግን ትታት አልሄደችም። ፊት ለፊቷ መሬት ላይ ቁጭ ብላ እጇን በዓይኗ መከተል ጀመረች።

ታሩኪ «ምን ታፈጪብኛለሽ?» አላለቻትም። መምቻውን ጭኗ ላይ በጎኑ አስተካከለችና መዶሻውን አነሳች።