የአሰፋች ቀይ ወንበር

በዚያ ዘመን፣ ሸሕዲ መንገድ ዳር ባለው ሰፈር አንድ ሰው ሲታመም መጀመሪያ የሚጠየቀው «ምን ነካው?» ተብሎ አልነበረም፤ «የት ተቀምጦ ነበር?» ተብሎ ነበር። ልማዱ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ምን እንደሚያስከፍል ግን ባለ ሻይ ቤቷ አሰፋች በ1976 ዓ.ም. አየች። የታመመ ጎረቤት ያላችሁ ሁሉ ታሪኳን ስሙልኝ።

አሰፋች ባሏ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኗታል። ከጎንደር ወደ መተማ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለችው ሻይ ቤቷ አራት አግዳሚዎችና አንድ ባለ መደገፊያ ወንበር ነበራት። ወንበሩ የባሏ ነው፤ የመንግሥት እርሻ ትራክተር ነጂ ሳለ ከዋንዛ ያሠራው። ጠዋት ውኃ ትቀዳለች፣ ከሰል ታያይዛለች፣ ቀኑን ሙሉ ለቀን ሠራተኞች ሻይ ስታቀርብ ትውልና ማታ እግሯ አብጦ ትተኛለች። ድካም አብሯት የሚኖር ዘመድ ሆኖ ነበር።

ኅዳር ላይ ያረጋል የሚባል ጎጃሜ የቀን ሠራተኛ በጓደኛው በውባንተ ትከሻ ተደግፎ ገባ። ሆዱ በግራ በኩል ተነፍቷል፤ ሌላው ሰውነቱ አልቋል። ትኩሳቱ ወር አልፎታል። አሰፋች በባሏ ወንበር አስቀመጠችውና ሻይ ሰጠችው።

የዕድሩ ዳኛ አባ ጀይሉ ከአግዳሚው ላይ ሆነው አዩት። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ግን የፈሩትን ነገር ሁሉ እንደሚያውቁት አድርገው ይናገራሉ።

«አሰፋች፣ ይኼ ካላዛር የሚሉት የቆላ በሽታ ነው። ሰውየውን አስወጭው፣ ወንበሩንም አቃጥይው። ዛሬ እሱ፣ ነገ ሌላው እየተቀመጠ ሰፈሩ ያልቃል።»

«ታሞ እኮ ነው አባ። የት ይሂድ?»

«እኔ ምን አውቄ። ደንበኛሽ ሲሸሽ ግን ታይዋለሽ።»

ደንበኛው መሸሽ ጀምሮም ነበር። አሰፋች የምትሟገትበት ጉልበት አልነበራትም። ሰውየውንም ወንበሩንም አውጥታ ደጅ ከግራሩ ሥር አስቀመጠች፤ ሻይ የጠጣበትን ብርጭቆም ሰበረችው። ያረጋል ቀና ብሎ አያት። ሁለት ቀን እዚያው ተኛ። በሦስተኛው ቀን ውባንተ ሰሊጥ የጫነ መኪና አስቁሞ፣ ሾፌሩን ለምኖ ወደ ጎንደር ሐኪም ቤት ላከው።

ወንበሩ ቀረ። አሰፋች ክብሪት ይዛ ፊቱ ቆማ ነበር፤ አልሆነላትም። ታኅሣሥ ላይ መቀመጫ ሲያጥራት በፈላ ውኃና በአመድ አጠበችው። ብርጭቆ ወረቀት በዚያ ዘመን ለመድኃኒት ቢፈለግ አይገኝምና በጠርሙስ ስባሪ ፋቀችው። የላላ እግሩን በምስማር አጠበቀች፤ የተበጠሰ ጠፍሩን ቀየረች። ባሏ ትቶት የሄደ ግማሽ ቆርቆሮ ቀይ የትራክተር ቀለም ነበራት፤ በነጭ ጋዝ አቅጥና ሁለት ጊዜ ቀባችው። ከዚያ ሳጥኗን ከፈተች። ከታች ባሏ በሠርጋቸው ዓመት ከገላባት ያመጣላት ቶብ፣ ያ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበት ረዥም ጨርቅ፣ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ቢጫ ነው፤ ሰማያዊ አበባ አለው። አንድ ቀን እንኳ ለብሳው ወጥታ አታውቅም። ጫፉን ይዛ ትንሽ ቆየችና ቆረጠችው። ጥጥ ጠቅጥቃ መቀመጫውንና መደገፊያውን አለበሰችው።

ሥራው ሲያልቅ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ደስ አላት። ደስታዋ ግን ሙሉ አልነበረም፤ ወንበሩን ያሳመረችው እንዳይታወቅ ጭምር ነውና።

ማንም አላወቀው። አባ ጀይሉ ራሳቸው «ከሱዳን ነው ያስመጣሽው?» ብለው ተመቻችተው ተቀመጡበት፤ ከዚያ ወዲያም ለሌላ ሰው አልለቅም አሉ። አሰፋች ሳቋ መጣ፤ ዋጠችው።

ጥር ላይ ውባንተ በቀትር ሐሩር ጋቢ ተከናንቦ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ።

«ግባ እንጂ፣ ተቀመጥ» አለችው።

«ደህና ነኝ እትየ። ቆሜ ልጠጣ።»

ብርጭቆውን ሲቀበላት ጥርሱ ሲጋጭ ሰማች። ያን ጊዜ እሱም እንደታመመ ገባት። በያረጋል ላይ የሆነውን በዐይኑ ያየ ሰው ስለ ራሱ እንደማይናገርም ገባት። ነገር ግን ቤቱ በደንበኛ ተሞልቶ ነበር፤ አባ ጀይሉም ተቀምጠው ነበር፤ እሷም ደክሟት ነበር። ሌላ አልጠየቀችውም።

ሦስት ሳምንት ቆይቶ ውባንተ እርሻ ላይ ወድቆ ተገኘ። መኪና ላይ ሲጫን ነፍሱ አፍንጫው ሥር ደርሳ ነበር፤ ጭልጋን ሳያልፍ ሞተ። ዘመድ የሌለው እንግዳ ነው ብሎ ዕድሩ አዝኖ ድንኳን ተከለለት።

በየካቲት መጨረሻ ያረጋል ተመለሰ። ከስቷል፤ ሆዱ ግን ሟሽሾ ወደ ቦታው ገብቷል። በእጁ የሐኪም ወረቀት ይዟል። ደጃፉ ላይ ሲደርስ ማንም ሳያስቆመው ራሱ ቆመ። ይህ ነገር አሰፋችን አንጀቷን በላት።

አባ ጀይሉ ከቀዩ ወንበር ላይ ሆነው «እንኳን ተረፍህ ልጄ። እዚያው ሁን፣ ሻዩን በጣሳ ታወጣልሃለች» አሉ።

አሰፋች ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች።

«አባ ጀይሉ፣ የተቀመጡበት ወንበር እኮ ያረጋል የተቀመጠበት ነው።»

«የትኛው?»

«አቃጥይው ያሉኝ። ቀባሁት፣ አለበስሁት እንጂ ያው ነው። ከታኅሣሥ ጀምረው በየቀኑ ተቀምጠውበታል። የነካዎት ነገር አለ?»

ሽማግሌው ከወገባቸው ብድግ አሉ፣ ሆዳቸውን ዳሰሱ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። የሳቀ ሰው አልነበረም።

«በመቀመጥ አይያዝም አባ» አለ ያረጋል ከበሩ ሆኖ። «ሐኪሙ አስረድቶኛል። የምታሲዘው ከትንኝ የምታንስ ዝንብ ናት፤ ከጥቁር አፈር ስንጥቅና ከግራር ሥር ትውላለች። እኔና ውባንተ በአረሙ ጊዜ ያለ አጎበር ግራር ሥር ነው የተኛነ። መርፌውን በጊዜ ያገኘ ይድናል።» ከዚያ ዐይኑን በቤቱ ውስጥ አዟዟረ። «ውባንተስ? እሱም ቶሎ ይታይ ብየ ነው የመጣሁ።»

 አሰፋች መሞቱን ነገረችው። ያረጋል እዚያው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለ።

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» አሉ አባ ጀይሉ ቀስ ብለው። «ምነው ነግሮን ቢሆን።»

«ቢነግረን የት እናስቀምጠው ነበር?» አለች አሰፋች። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። «እኔ አውቄ ነበር አባ። ጥርሱ ሲጋጭ ሰምቼ ዝም አልሁ። እሱ ለጓደኛው መኪና ለመነ፤ ለሱ ግን በጊዜ የለመነለት የለም። ስንተባበር ለድንኳኑ ደረስን።»

 አባ ጀይሉ ተነሥተው ወደ በሩ ሄዱና ያረጋልን በክንዱ ይዘው አስገቡት፤ «እርስዎ እያሉማ አልቀመጥም» ቢላቸውም አልሰሙት፣ ቀዩ ወንበር ላይ አስቀመጡት። እሳቸው ከአግዳሚው ጫፍ ሆኑ።

በማግስቱ እሑድ ዕድሩ ሲሰበሰብ ጥፋታቸውን በአፋቸው ተናገሩ። «እስካሁን ጥሩንባ የምናስነፋው ሰው ሲሞት ነው። ከእንግዲህ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ያለፈው ሰው ካለ፣ የአገር ልጅም ይሁን የቀን ሠራተኛ፣ ለሱም ይነፋ። መኪናውን እኔ መንገድ ላይ ወጥቼ አስቆማለሁ» አሉ። ጥቂቶች አጉረመረሙ፤ የቀሩት እጃቸውን አወጡ።

ወገኖቼ፣ አሮጌ ወንበር በቀለምና በጨርቅ ይታደሳል። ክፉ ልማድ ግን ቢቀቡት አይታደስም፤ በሽተኛን የሚያስወጣ ሰፈር በሽታውን ሳይሆን በሽተኛውን ነው የሚያስደብቀው።

የመጀመሪያው ጥሩንባ የተነፋው መጋቢት ላይ ነው። ሰዉ ነጠላውን አዘቅዝቆ፣ ሴቱ ለልቅሶ ወገቡን አስሮ፣ «ማን ሞተ? ማን ሞተ?» እያለ ወደ ሻይ ቤቱ ሮጠ። አሰፋች አንዲት በትኩሳት የነደደች ጥጥ ለቃሚ ደግፋ ደጃፉ ላይ ቆማለች።

«ማንም አልሞተም» አለቻቸው። «ገና አለች። ድረሱላት።»